ሐረጎን በየቀኑ ለሚወጣ ሴሊካ ምን ይቅደም?

ጥያቄው ከኮምቦልቻ የመጣ ነው፤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የ2001 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ አለኝ። ቤቴ ኮምቦልቻ፣ ሥራዬ ደሴ ስለሆነ በየቀኑ ሐረጎን እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። መታጠፊያ ላይ ያጋድላል፣ መሪውም ይዘገይብኛል። ደሴ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ የኋላው በር ይንቋቋል። ከፊት የሾኮቹን አናት የሚያያይዝ ባር፣ መኪናውን ዝቅ የሚያደርግ አጭር ሞላና ወፍራም ስታብላይዘር (ማጋደልን የሚቀንስ ዘንግ) ልገዛ አስቤያለሁ። ባሩን አንድ በያጅ ጓደኛዬ ከቱቦላሬ በርካሽ እሠራልሃለሁ ብሎኛል። ገንዘቤ ለሁሉም አይበቃም፤ የቱ ይቅደም?»

አብሽር ወንድሜ። ገንዘብህን ሳታወጣ መጠየቅህ ጥሩ አድርገሃል። መልሱን ከፊት ላስቀምጠውና ምክንያቱን ቀስ ብለን እንየው። ከጠራሃቸው ሦስት ዕቃዎች መቅደም ያለበት አንድም የለም። መጀመሪያ ጎማህንና ጎሚኒዎችህን (በብረት መጋጠሚያዎች መካከል የሚገቡትን ጎማዎች) አስተካክል፣ ቀጥሎ ሾክ አብዞርበሮቹን አድስ። ማያያዣ ባር ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ሲመጣም ከኋላ ይጀምር። አጭሩን ሞላ ግን ለዚህ መንገድ ጨርሶ አልመክርህም።

ያንተ ሴሊካ ሰባተኛው ትውልድ ነው፤ የተመረተውም እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 ነበር። ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። የቦዲ ብረት ካልዛገና ካልተጋጨ በዚህ ዕድሜ ብዙም አይደክምም። ጎሚኒው፣ የሾኩ ዘይትና ማኅተሙ፣ ቴስቲናው (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መገጣጠሚያ) ግን ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። መሪህን ስታዞር እንቅስቃሴው በቴስቲና አድርጎ ጎማው ጋ ይደርሳል፤ ጎማው አስፋልቱን ሲይዝ የሚፈጠረው የጎን ኃይል ደግሞ ጎማውን ከቦዲ ጋር በሚያያይዘው ክንድ ጎሚኒ በኩል ወደ ቦዲ ይመለሳል። ተከታትለው የተሳሰሩ ስለሆኑ አንዱ ላይ ያለው ልልነት የሌላውን ጥንካሬ ዋጋ ያሳጣዋል። ጤነኛ ቦዲ በመታጠፊያ ላይ የሚለመጠው ዓይን በማያየው መጠን ነው፤ የተቀደደ ጎሚኒ ግን በዓይንህ እያየኸው ይሄዳል። በተቀደደ ጎሚኒ ላይ ባር ብትገጥም ጠንካራ ቦዲና የላላ መሪ ይዘህ ነው የምትቀረው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ይህን አድርግ። ፊቱን በክሪክ አንሳና ከሥሩ አስተማማኝ ማቆሚያ አስገባ፤ በክሪክ ብቻ የተያዘ መኪና ሥር እጅህንም ቢሆን አታስገባ። የታችኛውን ክንድ ከጎማው ጀምረህ ወደ ውስጥ ስትከተለው ሁለት ቦታ ላይ ይታሰራል፣ የፊተኛውና የኋለኛው ጎሚኒ። የኋለኛውን ጭቃ በጨርቅ ጥረግና ባትሪ አብራበት። ጤነኛው ጎሚኒ ዙሪያውን ከብረት ቀለበቱ ጋር እንደተጣበቀ ነው። የሞተው ከቀለበቱ ተላቆ በአንድ ጎን ክፍተት ይፈጥራል፤ የስንጥቁ አፍ ላይ አቧራ ገብቶ ግራጫ ሆኖ ታገኘዋለህ። ከዚያ ረዘም ያለ ካቻቢቴ በክንዱና በመስቀለኛው ፍሬም መካከል አስገብተህ ቀስ ብለህ ግፋ። ክንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንደ ልቡ ከሄደ፣ የመሪህ መዘግየት ዋናው ምክንያት እዚያው ነው። ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ይስብህ ከነበረም የሱም መነሻ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ጎሚኒ ሲቀየር ብዙ ጋራዥ የሚዘለው አንድ ነገር አለ። የክንዱ ቡሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በአራት ጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው። መኪናው ተሰቅሎ ክንዱ ወደ ታች እንደተንጠለጠለ ቡሎኑን ካጠበቁት፣ ጎሚኒው በዚያ አቀማመጥ ላይ ይያዛል። መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀራል፣ ቆሞ እያለ እንኳ ሁልጊዜ እንደተወጠረ ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ይቀደዳል። ሥራውን ስታሠራ አጠገቡ ቁምና ይህን አረጋግጥ። ከጎማ ይልቅ ፖሊዩሪቴን ጎሚኒ የሚሸጥልህ ካለ፣ ለሩጫ መኪና ጥሩ ነው፤ ላንተ ግን የኮብልስቶኑን ንዝረት ሁሉ ወደ ቦዲው ያሳልፍብሃል፣ ቅባት ሲያጣም ይጮሃል። በፋብሪካው ልክ የተሠራ የጎማ ጎሚኒ ይበቃሃል።

እዚያው ሥር እያለህ ክንዶቹ የታሰሩበትን መስቀለኛ ፍሬም ከቦዲው ጋር የሚያያይዙትን ትልልቅ ቡሎኖች በቶርክ ቁልፍ፣ በማኑዋሉ ልክ አስፈትሽ። ፍሪሲዮን ወይም ካምቢዮ ሲወርድ አብረው የሚፈቱ ቡሎኖች ናቸው፤ አንዱ ላልቶ ከተገኘ ምንም ብር ያላወጣህበትን ምርጡን ማጠናከሪያ አገኘህ ማለት ነው።

ጎማን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ የምታውቀው ነው። ጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች አንብብ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢኖርም የደረቀ ጎማ በክረምት ሐረጎ ላይ አይዝም፤ መታጠፊያዎቹ ላይ ደግሞ ከከባድ መኪና የተንጠባጠበ ናፍጣ አይጠፋም። ንፋሱን ኮምቦልቻ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ለካው። ደሴ በ650 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል የውጭው አየር ግፊት ይቀንስና ጌጁ አንድ ፒኤስአይ ያህል ከፍ ሊል ይገባ ነበር፤ ግን ደሴ ቀዝቀዝ ስለሚል የጎማው አየር ይኮማተርና ሁለቱ ይጣፋሉ ማለት ይቻላል። በየከተማው ማስተካከል አያስፈልግህም።

አሁን ወደ ሞላውና ሾኩ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እናስላ። መኪናህ ከነሹፌሩ ወደ 1,200 ኪሎ ነው እንበል። የክብደቱ ማዕከል ከመሬት ግማሽ ሜትር፣ የግራና የቀኝ ጎማዎቹ ርቀት አንድ ሜትር ተኩል ይሁን። 30 ሜትር ራዲየስ ያለውን መታጠፊያ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብትይዘው፣ ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጭ ጎማዎች የሚሻገረው ጭነት ወደ 170 ኪሎ ይጠጋል። መኪናውን በ3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብታደርገው የምትቀንሰው ከዚያ ላይ 10 ኪሎ ብቻ ነው። ዝቅ ማድረግ የሚሰጥህ ጥቅም ይኸው ነው።

የሚወስድብህን ደግሞ እይ። ሾኩ ተጨምቆ መጨረሻው ላይ ያለችውን ትንሽ የጎማ ማቆሚያ እስኪነካ ያለው ርቀት ከሚገኘው ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ተቆረጠ። መታጠፊያ መሐል ጉድጓድ ሲያጋጥምህ ሾኩ ያችን ማቆሚያ ይመታል፤ በዚያ በኩል ያለው የሞላ ጥንካሬ በድንገት ብዙ እጥፍ ይሆናል፣ ጎማው አስፋልቱን ይለቃል፣ አፍንጫውም ወደ ውጭ ይሸሻል። ሐረጎ ላይ ውጭ ማለት ምን እንደሆነ ለኮምቦልቻ ልጅ አልነግርም። ሌላም አለ። የማክፈርሰን አሠራር፣ ማለትም ሾኩና ሞላው አንድ ላይ ሆነው የፊት ጎማውን የሚይዙበት የመኪናህ አሠራር፣ ሲወርድ የታችኛው ክንድ ከጎማው በኩል ወደ ላይ ያዘነብላል፤ ያን ጊዜ መኪናው የሚያጋድልበት ነጥብ ከክብደቱ ማዕከል በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ስለሚረዝም መኪናው ለማጋደል የበለጠ ጉልበት ያገኛል። ዝቅ ያለ መኪና ያልተጋደለ የሚመስለው ሞላው ስለጠነከረ ነው። ሞላን በእሳት አሙቆ ማውረድ ወይም መቁረጥ ደግሞ አይታሰብም፤ በእሳት የነካው ብረት ጠባዩን ያጣል፣ የተቆረጠው ሞላ ጫፉ መቀመጫው ላይ አይቀመጥም።

ስለዚህ የፋብሪካውን ከፍታ የያዘ ሞላ ላይ ቆይ። ጠንከር ያለ ካስፈለገህ ከፍታውን ሳይቀንስ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚጠነክር ፈልግ። አራቱንም አብረህ ቀይር፤ የኋላውም ከፊቱ ትንሽ ፈጠን ብሎ የሚወዛወዝ ይሁን። ሞሪስ ኦሊ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ሆኖ እንዳሳየው፣ ጉብታውን መጀመሪያ የሚያገኘው ፊት ስለሆነ ኋላው ሊደርስበት የሚችለው በፍጥነት ከተመለሰ ብቻ ነው። አለበለዚያ መኪናው ፊትና ኋላ እየተቀባበለ ይዋልላል።

ሾኩ ግን ሞላ ቀየርህም አልቀየርህም መታደስ አለበት፤ ያንተ የማጋደል ችግር ዋና መድኃኒት እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሾክ ማጋደሉን አያስቀረውም፤ የሚወስነው መኪናው በምን ፍጥነት እንደሚያጋድል ነው። የሞተ ሾክ ያለው መኪና መታጠፊያው መግቢያ ላይ ወደቅ ይላል፣ ይመለሳል፣ ድጋሚ ይወድቃል። ያ የሚሰማህ ነገር ነው «ያጋድላል» ያስባለህ። ሞላ በ30 በመቶ ሲጠነክር የሾኩ መያዣ ኃይል በ14 በመቶ ገደማ መጨመር አለበት፤ ስለዚህ ለሞላው ተብሎ የተሠራ ሾክ ግዛ። ገበያው ውስጥ የካያባን (የጃፓኑን ሾክ አምራች) ካርቶን አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ስላለ፣ ዘንጉን ጨምቀህ ልቀቀውና ተመለሰ ወይ ብለህ ብቻ አትመን፤ ክፍል ቁጥሩን ካታሎግ ላይ ለሻሲ ቁጥርህ አመሳክር።

አሮጌው ሾክህ ምን ያህል እንደሚሄድ ማየት ከፈለግህ ዘንጉን የሚሸፍነውን ጎማ ወደ ላይ ግፋና በሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰር፣ ሳትጨርስ አጥብቀህ፣ በጣት ግፊት እንድትንሸራተት። ወደ ታች ገፍተህ ከሾኩ አካል ጋር አስነካትና ደሴ ደርሰህ ተመለስ። ማሰሪያዋ የቆመችበት ቦታ በዚያ ጉዞ ሾኩ የደረሰበት ትልቁ መጨመቅ ነው። ከሷ በላይ የቀረውን ባዶ ዘንግ ለካ። ቁራጭ ብቻ ከቀረ አጭር ሞላ የምትገጥምበት ቦታ የለህም፤ ይህን ራስህ በዓይንህ ታየዋለህ።

ስታብላይዘሩን በሚመለከት፣ የትኛውን እንደሆነ አልነገርከኝም፣ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ሴሊካ የሚጎትተው በፊት ጎማ ነው፤ ሲገፉትም አስቀድሞ የሚሸሸው አፍንጫው ነው። የፊቱን ብታወፍር ከተሻገረው ጭነት ፊቱ የበለጠ ድርሻ ይወስድና ይህ ጠባይ ይብሳል። የኋላውን ማወፈር ነው አፍንጫውን የሚያዞርልህ። ነገር ግን የዘንግ ጥንካሬ የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ነው። ከ22 ሚሊ ሜትር ወደ 24 ብትሄድ ሁለት ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ጥንካሬው ግን ከ40 በመቶ በላይ ጨመረ። ቁልቁል ስትወርድ ክብደቱ ሁሉ ፊት ላይ ነው፣ ኋላው ቀልሏል፤ ዝናብ ላይ መታጠፊያ መሐል ቤንዚን በድንገት ብትለቅ ጠንካራ ስታብላይዘር ያለው ኋላ ሊሸሽ ይችላል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ከተሠራና አዲሱን ጎማ ከተለማመድህ በኋላ አንድ ደረጃ ብቻ ጨምር። ከዚያ በፊት የነበረውን ስታብላይዘር ከክንዱ ጋር የሚያያይዙትን አጫጭር ዘንጎችና ጎሚኒዎች ቀይር፤ ርካሽ ናቸው፣ ሲያልቁም ስታብላይዘሩ ሥራውን የሚጀምረው ዘግይቶ ነው።

አሁን ባሩ። ለምን ፊቱን አላስቀደምኩም? የማክፈርሰን ፊት ላይ የጎማው የጎን ኃይል በሁለት መንገድ ወደ ቦዲ ይገባል፣ በታች በክንዱ፣ በላይ በሾኩ አናት። ክንዱ ከመሬት 20፣ የሾኩ አናት 75 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆኑና ጎማው ላይ 100 ኪሎ የጎን ኃይል ቢመጣ፣ አናቱ ላይ የሚደርሰው 36 ኪሎ ያህል ሲሆን ክንዱ ላይ ግን 136 ይሆናል። ትልቁ ኃይል ታች ነው፤ እዚያ ደግሞ መኪናህ መስቀለኛ ፍሬም ይዞ መጥቷል። የላይኛው ባር ጥቅም የለውም አላልኩም፤ መሪው ትንሽ ይነቃል፣ ግን ድርሻው ትንሹ ነው።

ኋላው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሴሊካ የኋላ በሩ ከነመስተዋቱ ወደ ላይ የሚነሳ ስለሆነ ቦዲው ጀርባ ላይ ትልቅ ቀዳዳ አለው፤ መደበኛ ሰዳን መኪና ከኋላ ወንበሩ ጀርባና ከሻንጣው በላይ ያለው ላሜራ እዚህ የለም። ኮብልስቶን ላይ አንዱ ጎማ ሲነሳ ያ የቀዳዳው አራት ማዕዘን ይዛባል፣ በሩና መቀርቀሪያው እርስ በርሳቸው ይፋተጋሉ። ለመንቋቋቱ መጀመሪያ የበሩን የጎማ መቀመጫዎችና መቀርቀሪያውን አስተካክል፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ከኋላ የሁለቱን ሾክ አናት የሚያያይዝ ባር ግጠም። ጥቅሙን ከፊቱ ባር በበለጠ ታገኘዋለህ።

ጓደኛህ በቱቦላሬ እሠራልሃለሁ ማለቱን አትናቅ። ብረት ከአሉሚኒየም በሦስት እጥፍ ገደማ ለመለመጥ እምቢተኛ ነው፤ በቀለም የሚያብረቀርቀው የአሉሚኒየም ባር ቀላል መሆኑ ነው ጥቅሙ። ግን በደንብ ካልተሠራ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ባሩ ከአናት እስከ አናት ቀጥ ይበል፤ ሞተሩን ለማለፍ የታጠፈ ባር ሲገፉት ማጠፊያው ላይ ይለመጣል። ጫፉ ላይ በአንድ ቡሎን የሚዞር ማንጠልጠያ አይኑረው፣ ሳህኑና (አናቱ ላይ የሚቀመጠው ጠፍጣፋ ብረት) ቧንቧው አንድ ላይ ይበየዱ። ሳህኑ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃዋል፤ በሁሉም ዳዶዎች ይታሰር፣ ከአናቱ ላሜራ ጋርም ዙሪያውን ይግጠም። አጥብቀህ ስትጨርስ ወረቀት በሳህኑና በላሜራው መካከል ለማስገባት ሞክር፤ ከገባ ሳህኑ ተቀምጦ አይደለም። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ የቡሎኑ ጥርስ ከዳዶው በላይ መታየት አለበት፤ ካልታየ ሳህኑ ወፍሮበታል፣ የሾክህ ማሰሪያ ለአደጋ ተጋልጧል።

ልክ የሚወሰደው መኪናው በአራት ጎማው ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ እንጂ በክሪክ ተነስቶ አይደለም። ጓደኛህ መኪናው ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ብቻ ይያዘው፤ የባትሪውን ሁለቱንም ገመዶች አስቀድመህ ንቀል። ከዚያ አውርዶ ሙሉ ብየዳውን ጠረጴዛ ላይ ይጨርስ። የመኪናውን ቦዲ ራሱን ግን ማንም እንዳይበይደው፣ እንዳይበሳውም። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ 1186/2012 የተነሳ አሮጌ መኪና ማስገባት ከአቅም በላይ ሆነ፤ በኋላም የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባቱ ተከለከለ። ይህን ቦዲ ካበላሸኸው ሌላ አታገኝም።

ባር ከማሠራትህ በፊት ቦዲው ቀድሞ ተጋጭቶ የተጠገነ መሆን አለመሆኑንም እወቅ። ደልዳላ ቦታ ላይ የሹፌሩን በር ከፍተህ ዝጋ፣ ክፍተቱን በጣትህ እለፍበት። ከዚያ የዚያኑ ጎን ፊት በክሪክ መቀመጫው በኩል አንሳ፤ ጎማው መሬት ሲለቅ በሩን እንደገና ክፈትና ዝጋ። ጤነኛ ቦዲ ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይሰማህም። በሩ መቀርቀሪያው ላይ ከተንጠለጠለ ወይም ክፍተቱ በግልጽ ከተዛባ፣ ደፉ ሥር የዛገ ወይም ክፉኛ የተበየደ ላሜራ ፈልግ፤ ባር ለዚያ መድኃኒት አይደለም።

ሳትጠይቀኝ አንድ ልጨምር፣ የፍሬን ዘይት። ከደሴ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ሞተሩ ባይዝልህና ሁሉን በፍሬን ብትይዘው ወደ 7 ሜጋ ጁል ሙቀት ነው፤ 20 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ። ዶት 3 ዘይት አዲስ ሲሆን የመፍላት ነጥቡ ቢያንስ 205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል፣ ያን ጊዜ ፔዳሉ እግርህ ሥር ይሰምጣል። ዶት 4 በደረጃው መሠረት አዲሱ ቢያንስ 230፣ እርጥበት የጠጣው ቢያንስ 155 ነው። መኪናህ ሲሻሻል ፍጥነትህ መጨመሩ ስለማይቀር፣ ዘይቱን በዶት 4 ቀይረህ በሁለት ዓመት አንዴ አሳድሰው። ቁልቁለቱንም በዝቅተኛ ማርሽ ውረድ።

ስለ ገንዘቡ፣ እኔ ብሆን የፊት ክንድ ጎሚኒና ቴስቲና፣ የስታብላይዘር ማያያዣና የፍሬን ዘይት በመጀመሪያው ወር፣ ጎማው ካረጀ ጎማ በሁለተኛው፣ አራት ሾክ ከነላይኛው ጎማቸው በቀጣዩ ባሠራ ነበር። ክንድ ወይም ሾክ በተነካ ቁጥር አላይመንት ይሠራ፤ የፊቱ ካምበር (የጎማው ወደ ጎን ማዘንበል) ግራና ቀኝ እኩል ካልመጣ ሾኩን ከታች የሚያስረውን ቡሎን ለማስተካከያ በተሠራ ቀጠን ባለ ቡሎን መተካት ይቻላል። ከዚያ ሐረጎን ውጣና የኋላው ባር አሁንም ያስፈልግህ እንደሆነ ፍረድ። የገጠምከውን ሁሉ 500 ኪሎ ሜትር ከሄድህ በኋላ በቶርክ ቁልፍ ድጋሚ አስፈትሽ፤ አዲስ ሳህንና አዲስ ቀለም ሥር ያለ ዳዶ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ መላላቱ የተለመደ ነው።